ዙሪያ ጥምጥም

ከእንስሳት ሕክምናው፣ ከኋለኛው ጓሮ፣
አንድ ቤት አለልኝ በፎርማሊን ታጥሮ።
ቁልፉ እኔ ጋ ነው አሥራ ስምንት ዓመት፤
አጥንት አጥባለሁ፣ እለያለሁ ጅማት።
ደረጃዬ ረዳት፣ ደመወዜ ኩርማን፣
ግን አጥንት ቢሰጡኝ፣ በጨለማ እንኳን፣
በጣቴ ዳብሼ
የበግ ይሁን የአህያ እነግራለሁ ለይቼ።

የጭልፊት ክንፍ አለ፣ የሌሊት ወፍ ክንፍ፣
የአህያ የፊት እግር፣ የሰው ክንድ፣ በሰልፍ፣
ግድግዳው ላይ ሁሉም በሽቦ ታስረው፤
አንድ አጥንት ነው ያው፣ መልክ የቀየረው።
ተማሪ ሲያይ ይደነቃል፤
እኔ ዓይኔ ለምዷል።
ያልለመድሁት አንዲት ክር ናት።

ባለቤቴ ይርገዱ፣ በርበሬ ነጋዴ፣
ቅዳሜ ገበያ ድምፅዋ እንደ ጎራዴ
ሕዝቡን ሰንጥቆ ነው ደንበኛ የሚጠራ፤
«ማረቆ ነው! ማረቆ!» ስትል በፉከራ፣
ጆሮውን ያቆማል አህያው በተራ።

እንቅርት አበቀለች። ስትውጥ ያንቃታል።
ሆስፒታል ገባች፤ እንቅርቱ ወጣላት፤
ከእንቅርቱ ጋራ ድምፅዋም ወጣባት።
በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሉ ነበር ድሮ፤
የእሷ ግን ከእንቅርት በኋላ ዝም ያለ ጉሮሮ።
ሐኪሙ ወጣት ነው። አንገቱን ደፍቶ፣
«አንዲት ቀጭን ነርቭ…» አለኝ አመንትቶ፣
«ከእንቅርቱ ጀርባ ተጣብቃ ነበረች፤
ማንቁርትን የምታዝ እሷው ነች።»
አልተጣላሁትም።
ቢላ የሚይዝ እጅ ቢላ ያዥ አይከስም።

ሰኞ በግ ከፈትሁ፣ ማክሰኞ አህያ፣
ሐሙስ ደግሞ ውሻ።
የግራዋን ክር ያዝሁ፣ ከራስ ቅል መውጫ፤
በማንቁርት ደጅ አለፈች፣ ሳትገባ፣ ዝም ብላ፣
ደረት ድረስ ወርዳ፣
ከልብ የሚወጣውን ትልቁን ደም ቅዳ
ከሥሩ ጠምጥማ፣
ሽቅብ ተመለሰች እዚያው ጉሮሮ ጋ፣ ያለፈችው ቤት።
ከፒያሳ ተነሥቶ አራዳ ለመድረስ
አዘዞ ወርዶ የሚመለስ
ባጃጅ ነጂ አለ?
እሷ ግን እንዲያ ናት፤ በበግም፣ በአህያም፣ በውሻም ያው ሆነች።

«ለምን?» አልሁት ዶክተር አዛናውን።
አልመለሰልኝም። ብር ቆጥሮ ሰጠኝ፣
«ከጎርጎራ የመጣ አምባዛ ግዛ» አለኝ።
ዓሣ አንገት የለውም፤ ልቡ ከስንጥቡ ሥር፤
ነርቯ ቀጥ ያለች፣ ጣት የማትሞላ ክር።
«አየህ፣ መንገዱ እዚህ ነው የተቀየሰው።
ኋላ አንገት በቀለ፣ ልብን ደረት ወሰደው፤
ክሯ ግን ከደም ቅዳው ሥር ተይዛ ቀረች፤
መበጠስ አልቻለች፣
ተጎተተች።»
ቀጭኔም ሣለልኝ (ቀጭኔ የለንም)፤
ጠመኔው ሰሌዳውን ጨርሶ ግድግዳ ላይ ወረደ፤
«አሥር ክንድ ትሄዳለች» አለ፣ «አንድ ክንድ ለማይሞላ ጉዳይ።»

ሌላ ቀን፣ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ተማሪ ተነሣ፣
«ድምፅ ልብን ሳይሳለም አይወጣም ማለት ነዋ!» አለ።
አጨበጨቡለት።
እኔ አላጨበጨብሁም፤ ባልዲዬን ይዤ ወጣሁ።
መሳለም አይደለም።
አባት የቀየሰው፣
ማንም ያልጠገነው፣
ሁሉ ፍጥረት የሚሄደው አሮጌ መንገድ ነው፤
የኔዋ ተሰብራ የቀረችው
በዚያ መንገድ ላይ ነው።

ቅዳሜ ገበያ ሄድሁ። ጆንያዋን ዘርግታ፣
መስፈሪያ ጣሳዋን በማንኪያ መትታ፣
ቃ! ቃ! ቃ! ታሰማለች።
ሰዉ ለምዶታል። አህያው ብቻ
ጆሮውን አቁሞ ያንን ድምፅ ይጠብቃል።
ጎንበስ ብዬ፣ «ኪሎው ስንት ነው?» አልኋት።
በትንፋሽ ብቻ፣ «ላንተ ውድ ነው» አለች።

ማታ፣ መብራት ጠፍቶ፣
ጣቴን ከጆሮዋ ሥር አስነሣሁት፣
በአንገቷ ቁልቁል፣ እስከ ደረቷ አወረድሁት፣
ልቧ ከሚመታበት ላይ አዙሬ
ሽቅብ መለስሁት፤ ጠባሳው ጋ ሲደርስ
ቆመ።
«ምነው» አለች፣ ባለችው ትንፋሽ፣
«ምነው ዛሬ ዙሪያ ጥምጥም?»